በደጅ ስለሚቆም የሃይማኖት እንግዳና ስለ ባለቤቱ ፈቃድ፤ በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ

በደቡብ ጎንደር ደጋ የሃይማኖት ሰው በሰው ደጅ መቆሙ እንግዳ ነገር አይደለም። አገሩ የአብነት ትምህርት ቤት አገር ነው፤ ድጓ የሚሻ ወደ ቤተልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። ተማሪው ከዘመዶቹ ርቆ የሚኖር በመሆኑ ምግቡን የሚያገኘው ከደጅ ወደ ደጅ በመዞር ነው፤ ይህም ቀፈፋ ይባላል።

ሥርዐቱ የታወቀ ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ከአጥር ውጭ ይቆምና «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ይኸውም «ስለ ማርያም ስም» ማለት ነው። በራሱ ስም አይለምንም፤ ሳይጋበዝም ወደ ቤት አይዘልቅም። እመቤቲቱ ቁራሽ እንጀራ ወይም ቆሎ ታወጣለታለች። ከሌላት ወይም ካልፈቀደች «እግዜር ይስጥህ» ትለዋለች፤ እርሱም ሳይከራከር ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል። ያገኘውንም ወደ ጎጆው ወስዶ ከጓደኞቹ ጋራ ይካፈለዋል።

«እግዜር ይስጥህ» የሚለውን ቃል ልብ ማለት ይገባል። በሰዋስው ምርቃት ነው፤ በደጅ ሲነገር ግን እምቢታ ነው። ባለቤቷ የመከልከል መብቷን ትጠቀማለች፤ ተማሪውም ሳይዋረድ ይሄዳል። ደጅ መጥናት የሚለው አነጋገራችን እንደሚያሳየው፥ ደጅ የጠያቂ ስፍራ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የባለቤቱ ነው። የሥርዐቱ ደካማ ጎን ውሻው ነው፤ ምርቃት አያውቅምና። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለንብረቱ ኀላፊ ቢሆንም፥ የተነከሰ የቆሎ ተማሪ እመቤቲቱን ይከሳል ብሎ የሚያስብ የለም።

ላሊበሎች (በሌላ ስማቸው ሐሚናዎች) ነገሩን ያከብዱታል። ሳይነጋ ከአጥር ሥር ቆመው በዜማ ይለምናሉ፤ የባለቤቱን ስም አስቀድመው ከጎረቤት ይጠይቃሉና ስሙን እየጠሩ ያወድሱታል። ልመናውን ቢተዉ ቁምጥና ይይዛቸዋል ይባላል። የሰጣቸውን ይመርቃሉ፤ የነፈጋቸውን በግጥም ይሸነቁጣሉ። አጥሩን አይዘሉም፤ ነገር ግን ድምፅን አጥር አያግደውም። በእኔ ግምት ብዙው ሰው የሚሰጣቸው ጽድቅን ፈልጎ ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱን አፍሮ ጭምር ነው።

ሊያስተምር የሚመጣው እንግዳ ጉዳይ ግን ለረጅም ዘመን የተወሰነው በደጅ ሳይሆን በመንግሥት ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ከተቀመጡት የዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሠራተኞች መካከል ለወንጌል ሥራ የተላኩ ነበሩ፤ ንጉሡ ግን ከስብከታቸው ይልቅ የእጅ ሥራቸውን ፈልገው መድፍ አሠሩባቸው። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ደንብም አገሩን ለቤተ ክርስቲያን የተጠበቀና ለሚሲዮን የተከፈተ ብሎ ከፈለው፤ የቤቱን ባለቤት ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም።

ለዚህ ፈቃድ ግልጽ ስፍራ የሰጠው በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ በ13ኛው አንቀጽ ማንም ሰው ያለ ነዋሪው ፈቃድ ወደ መኖሪያ ቤቱ እንዳይገባ ይከለክላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፥ በአንቀጽ 27 ሃይማኖትን የመከተልና የማስተማር ነጻነትን ያስከብራል። ስለዚህ ሰባኪው ማንኳኳት ይችላል፤ መግባት ግን በፈቃድ ነው፤ ውጣ ሲባልም መውጣት አለበት። ብዙ ተከራይ በአንድ ግቢ በሚኖርበት በከተማው፥ አከራዩ በዋናው በር ቢያስገባውም የተከራዩን ክፍል ሊፈቅድለት አይችልም፤ ክፍሉ የተከራዩ መኖሪያ ነውና።

አስቸጋሪው እንግዲህ ሕጉ ሳይሆን ቃሉ ነው። ሰባኪው አይለምንም፤ እሰጣለሁ ብሎ ነው የሚመጣው። ለማይለምን ሰው «እግዜር ይስጥህ» ቢሉት እምቢታ መሆኑ ይቀርና ምርቃት ብቻ ይሆናል፤ እንዲያውም እንደ ግብዣ ሊቈጠር ይችላል። እንግዳን መመለስ ነውር በሆነበት አገር ሌላ ጨዋ ቃል በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ አንዱ ሳያምንበት ቡና አፍልቶ ያዳምጣል፤ ሌላው ቁጣ ይቀናዋል። በዚህ ክፍተት ሕዝቡ ራሱ ምን ዐይነት መልስ እያበጀ እንደሆነ ከየደጁ መሰብሰብ ለተማሪዎቻችን የሚገባ ሥራ ይመስለኛል።