እርሻው ይቅደም፦ ከጣሊያን አግሪቱሪዝሞ ጋር እንተዋወቅ

ከሲዬና በስተደቡብ ባሉት የቱስካኒ ኮረብቶች መካከል በመኪና የሚጓዝ ሰው በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ፣ የፈረንጅ ጥድ በተሰለፈበት የጠጠር መንገድ መግቢያ ላይ፣ «አግሪቱሪዝሞ» የሚል ሰሌዳ ያያል። ሰሌዳውን ተከትሎ ቢገባ የሚያገኘው ሆቴል አይደለም። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው የገበሬ ቤት፣ ዙሪያውን የወይን ተክልና የወይራ ዛፍ፣ ከቤቱ ጀርባ ዶሮና በግ፣ ውስጡ ደግሞ ለእንግዳ የተሰናዱ ጥቂት መኝታ ክፍሎችና ረጅም የምግብ ጠረጴዛ ነው። ጠዋት ትራክተር ሲነዳ የነበረው ባለቤት ማታ ለእንግዶቹ ወይን ሲቀዳ ይታያል። በመላው ጣሊያን እንዲህ ያሉ ቤቶች ከ25 ሺህ በላይ ናቸው። ከ5 ሺህ የሚበልጡት በቱስካኒ ብቻ ይገኛሉ፤ በአገሪቱ ካሉት ሲሶ ያህሉን የሚመሩት ደግሞ ሴቶች ናቸው።

እንግዳ የሚያሳድር እርሻ በብዙ አገር አለ። የጣሊያኑን የተለየ የሚያደርገው ከኋላው ያለው ሕግ ነው። ሕጉ የቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ እንግዳው እርሻውን ይደግፍ እንጂ እርሻው የእንግዳ ማረፊያ ማስጌጫ አይሁን። የአግሪቱሪዝሞ ጣዕምም፣ ዕድሜም የመጣው ከዚህ ነው።

ባዶ የቀሩት ቤቶች

ዛሬ የሌላ አገር ሰው ለእረፍት የሚመኛቸው የቱስካኒና የኡምብሪያ የድንጋይ ቤቶች የጭሰኛ ቤቶች ነበሩ። ለብዙ መቶ ዓመታት መሬቱ የባለርስቱ፣ ጉልበቱ የአራሹ ቤተሰብ ሆኖ ምርቱ ለሁለት ይከፈል ነበር። ጣሊያኖች «መዛድሪያ» ይሉታል፤ በእኛ አገር የእኩል አራሽ ለነበረ ሰው ወይም ለአራሽ ልጅ ማብራሪያ የሚያሻው ነገር አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሰሜኑ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ሲጠሩ ወጣቱ እርሻውን ትቶ ወደ ከተማ ጎረፈ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 የወጣ ሕግ ደግሞ አዲስ የእኩል ውል መፈራረምን ከለከለ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትና ወራትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ሥርዓቱ መቅረቱ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከአራሹ ጋር እርሻውም ሄደ። ጣሪያዎች ወደቁ፣ እርከኖች ተናዱ፣ የወይራ ዛፎች ሳይገረዙ ቀሩ። ከሲዬና በስተደቡብ ባሉት ኮረብቶች ላይ የተተዉትን አንዳንድ እርሻዎች ከሰርዲኒያ ደሴት በጎቻቸውን ይዘው የመጡ እረኞች ገቡባቸው፤ ዛሬ የፒየንዛ ከተማ ስም የሚጠራበት የበግ ወተት ቺዝ የእነሱም እጅ አለበት።

በ1965 «አግሪቱሪስት» የተባለ ማኅበር ሲመሠረት ጥያቄው ግልጽ ነበር። ትንሽ እርሻ ስንዴና ወይን በመሸጥ ብቻ መኖር ካቃተው፣ ባዶ የቀረው ክፍልና የቤቱ ማዕድ ቢጨመሩበት ገበሬው መሬቱን ሳይለቅ መኖር ይችላል ወይ? በ1973 በሰሜን ጣሊያን ተራሮች የሚገኘው የትሬንቶ አስተዳደር የራሱን ሕግ አወጣ። በ1985 ቁጥር 730 የተሰጠው አገር አቀፍ ሕግ ተከተለ፤ ዛሬ የሚሠራበት የ2006 ሕግ ቁጥር 96 ይህን የተካ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የአግሪቱሪዝሞ ፈቃድ የሚሰጠው ለገበሬ ብቻ ነው። ባለገንዘብ ስለሆነ ብቻ ኮረብታ ላይ አዲስ ሕንፃ አቁሞ ይህን ስም መለጠፍ አይቻልም፤ ለእንግዳ የሚውሉት ቀድሞ በእርሻው ላይ የነበሩ ቤቶች፣ በረቶችና ጎተራዎች ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የእርሻ ሥራው ከእንግዳ አቀባበሉ መብለጥ አለበት። ይህ የሚለካው በሥራ ጊዜ ነው። አንድ ሄክታር ወይን በዓመት ስንት ቀን ሥራ ይጠይቃል፣ አንድ በግ ስንት ሰዓት ይወስዳል፣ አንድ አልጋና አንድ ማዕድስ ስንት ይፈጃል የሚለውን እያንዳንዱ ክልል በሠንጠረዥ አውጥቶታል። እንግዳው ከ10 ሰው ካልበለጠ እርሻው እንደ ዋና ሥራ ተቆጥሮ ይታለፋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ገበሬው በሂሳብ ማሳየት አለበት። አልጋ መጨመር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ እርሻውን ማስፋት ይኖርበታል ማለት ነው።

ለዚህ ግዴታ የሚሰጠው ማካካሻ ትንሽ አይደለም። ቀላል የሆነውን የግብር አከፋፈል የመረጠ አግሪቱሪዝሞ ከእንግዳ ከሚያገኘው ገቢ 25 በመቶው ብቻ እንደ ትርፍ ተቆጥሮ ይታሰብለታል። ሆቴልና ምግብ ቤት ያላቸው ነጋዴዎች «ከእኛ ጋር በእኩል አይወዳደሩም» እያሉ ሲያጉረመርሙ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። ቅሬታው የሚመለሰው ሕጉ በትክክል ሲከበር ነው። መሬት የሚያርስ፣ እርከን የሚጠግን፣ ጫካውን የሚያጸዳና ከእሳት የሚጠብቅ ሰው ለአገሩ የሚሠራው ሥራ በሆቴል ደረሰኝ ላይ አይታይም።

ማዕዱ

እራት ላይ ዝርዝር ይዞ የሚቆም አስተናጋጅ የማይኖርበት ቤት ብዙ ነው። የዕለቱ ምግብ አንድ ነው፤ የደረሰው ይቀርባል። ክልሎች በማዕዱ ላይ ከሚቀርበው ውስጥ ምን ያህሉ ከራሱ እርሻ፣ ምን ያህሉ ከአካባቢው ገበሬዎች መምጣት እንዳለበት በመቶኛ ወስነዋል። ስለዚህ በበጋ ቲማቲሙ ሲደርስ ፓንዛኔላ ይመጣል፤ የደረቀ ዳቦ በውኃ ርሶና ተጨምቆ ከቲማቲም፣ ከሽንኩርት፣ ከበሶብላና ከወይራ ዘይት ጋር የሚዋሐድበት ነው። ብርዱ ሲገባ ደግሞ ሪቦሊታ፣ ማለትም ጥቁር ጎመን፣ ነጭ ቦሎቄና የደረቀ ዳቦ አብረው የሚፈሉበት ወፍራም ሾርባ ይቀርባል። ሁለቱም የጭሰኛ ምግቦች ናቸው። ዳቦ እንዳይጣል የተፈጠሩ ናቸው፤ ዛሬ እንግዳ ከሩቅ የሚመጣላቸው ሆነዋል።

ፓስታው ላይ የሚነሰነሰው ቺዝ ከየት እንደመጣ ማየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ጎህ ሲቀድ መነሳት ነው። የታለበው የበግ ወተት በትልቅ ድስት ለብ ይላል፤ ከጠቦት ጨጓራ የሚገኝ ማርጊያ ይጨመርበትና ይተዋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወተቱ ረግቶ በእጅ ሲነካ ይንቀጠቀጣል። ባለሙያዋ የሽቦ መምቻ አስገብታ የበቆሎ ፍሬ እስኪያክል ትቆራርጠዋለች፤ ከዚያ ክንዷን እስከ ክርኗ ሰዳ ከድስቱ ሥር ሰብስባ ታወጣውና በወንፊት ቅርጫት ውስጥ እየጫነች አጓቱን ታፈሳለች። ያ ፔኮሪኖ ነው። ሥራው ግን በዚህ አያበቃም። የቀረው አጓት እንደገና እሳት ላይ ይወጣል፤ ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ሲያልፍ ነጭ ብናኝ ከላይ መንሳፈፍ ይጀምራል። ይህ ሪኮታ ነው፤ እናቱ አሬራ ላይ አይብ ስታወጣ እያየ ያደገ ሰው ጣዕሙን ሳይቀምስ ያውቀዋል። ለብ እንዳለ በማንኪያ ይበላል።

ኦርጋኒክ ማለት ምን ማለት ነው?

አግሪቱሪዝሞ ሁሉ ኦርጋኒክ አይደለም። ኦርጋኒክ ነኝ የሚለው እርሻ ሁለተኛ ሕግ ተሸክሟል፤ እሱም የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ነው። ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና አረም ማጥፊያ አይገባም። ገበሬው ዛሬ ቢተዋቸውም ምርቱን ነገ በዚህ ስም መሸጥ አይችልም። እንደ ስንዴ ላሉ የአንድ ወቅት ሰብሎች ሁለት ዓመት፣ እንደ ወይንና ወይራ ላሉ ቋሚ ተክሎች ሦስት ዓመት የሽግግር ጊዜ አለ። በእነዚያ ዓመታት ድካሙ የኦርጋኒክ፣ ዋጋው የተራ ምርት ነው። ተቆጣጣሪ ድርጅትም መዝገቡንና ማሳውን ይፈትሻል። ካለፈ በአረንጓዴ መደብ ላይ በከዋክብት የተሠራውን ቅጠል ምርቱ ላይ ያትማል። ጣሊያን ከእርሻ መሬቷ ከአምስት እጅ አንዱን ገደማ በዚህ መንገድ ታርሳለች።

ማሳው ላይ ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይገባል። በመጸው ወራት በወይን ረድፎች መካከል ባቄላ ይዘራል። ለመብል አይደለም፤ በጸደይ ሲያብብ ታጭዶ እዚያው አፈሩ ውስጥ ይገባል፣ ሥሩ ላይ ያከማቸውን ናይትሮጅን ለወይኑ ያወርሳል። የወይራ ዝንብ በወጥመድ ይያዛል፣ ወይም ፍሬው ላይ ነጭ ሸክላ በስሱ ይረጫል። የወይን ሻጋታን ለመከላከል መዳብ ይፈቀዳል፤ መዳብ ግን በአፈር ውስጥ ስለሚጠራቀም በሄክታር በ7 ዓመት ከ28 ኪሎ ግራም እንዳያልፍ ተገድቧል። ኦርጋኒክ ማለት ምንም አይረጭም ማለት እንዳልሆነ ሐቀኛ ገበሬ ራሱ ይናገራል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የአውሮፓው የኦርጋኒክ ደንብ የሚመለከተው የእርሻውን ምርት ነው፤ የምግብ ቤት ማዕድን አይሸፍንም። ስለዚህ በኦርጋኒክ እርሻ ላይ የሚበሉት ሁሉ ኦርጋኒክ ነው ብሎ ከመገመት «ከዚህ ውስጥ የእናንተ ምርት የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። እንዲህ ተብሎ የሚቀየም ገበሬ የለም፤ ይልቁንም እየጎተተ ማሳውን ያሳያል።

ለመሄድ ላሰበ

እርሻው የሚያሳየው ወቅቱ የፈቀደውን ነው። ወይን የሚለቀመው በመስከረም ነው። ወይራ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ይራገፋል፤ ከዛፉ ሥር መረብ ይነጠፋል፣ ቅርንጫፉ በእጅ ማበጠሪያ ይበጠራል፣ ፍሬው ሳይውል ሳያድር ወደ መጭመቂያ ይሄዳል። በቅዝቃዜ የተጨመቀ ለመባል ሙቀቱ ከ27 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። አዲስ የወጣው ዘይት ጉሮሮ ይቆነጥጣል፤ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው በዚሁ ነው። በነሐሴ የሚሄድ ሰው መዋኛና ጸሐይ ያገኛል፤ በጎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያን ወቅት ነጥፈዋል፤ የቺዝ ሥራ ማየት የፈለገ በጸደይ ቢሄድ ይሻለዋል። ልጆች ላሏቸው ደግሞ እንስሳት መመገብ፣ ዳቦ መጋገርና ማር ማየት የሚችሉባቸው፣ «ፋቶሪያ ዲዳቲካ» የሚባሉ አስተማሪ እርሻዎች አሉ።

መኪና ያስፈልጋል፤ አብዛኞቹ አውቶቡስ አይደርስባቸውም። እራት አስቀድሞ ይነገራል፣ የሚበስለው በሰው ቁጥር ነውና። በበጋ ብዙዎቹ የሚያከራዩት በሳምንት ነው። ደረጃቸው የሚታወቀው በኮከብ ሳይሆን ከአንድ እስከ አምስት በሚደርሱ የሱፍ አበባዎች ነው። ሱፉ የሚናገረው ስለ ምቾትና አገልግሎት ብቻ አይደለም፤ ከእርሻው ጋር ያለውን ቁርኝትም ይመዝናል።

የእኛዋ ሴት በትሬንቶ ተራሮች

ይህ ታሪክ ኢትዮጵያዊትም አለችበት። አጊቱ ጉደታ በ1978 በአዲስ አበባ ተወለደች፤ በትሬንቶ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ አጥንታ ወደ አገሯ ተመለሰች። የገበሬ መሬት ለትልልቅ ኩባንያዎች መሰጠቱን በመቃወሟ በ2010 አገሯን ለቃ ለመሰደድ ተገደደች። ወደ ትሬንቶ ተመልሳም በሞኬኒ ሸለቆ ውስጥ ማንም የማይሠራበት 11 ሄክታር ያህል የመንግሥት መሬት አግኝታ በ15 ፍየሎች ጀመረች። የመረጠችው ለመጥፋት የተቃረበውን የአካባቢውን ዝርያ፣ የሞኬና ፍየልን ነበር። «ላ ካፕራ ፌሊቼ»፣ ማለትም «ደስተኛዋ ፍየል»፣ ብላ የሰየመችው እርሻ በ2018 ወደ 180 ፍየሎች ደርሶ ነበር፤ በተፈጥሯዊ መንገድ የሚሠራው ቺዟም በትሬንቶ ገበያ ታወቀ። ታኅሣሥ 29 ቀን 2020 በቤቷ ውስጥ ተገደለች። የሸለቆው ሰው አለቀሰላት፤ ፍየሎቿንም የአካባቢው ወጣት ገበሬ ተረክባ ተንከባከበቻቸው። ጣሊያኖች ራሳቸው ትተውት የሄዱትን ተራራ መልሳ ያለማችው የአዲስ አበባ ልጅ መሆኗ ሊረሳ አይገባም።

ለእኛስ?

በአገራችን የሚጎበኝ እርሻ አይጎድልም። የጌዴኦ ገበሬ እንሰትን፣ ቡናንና አገር በቀል ዛፍን በአንድ ማሳ ላይ ደራርቦ የሚያለማበት ምድር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወንጪ በ2021፣ የጮቄ ተራሮች የኢኮ መንደር በ2022 በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተቆጥረዋል። በመቄት ገበሬዎች የእንግዳ ጎጆ ሠርተው ተጓዦችን ማስተናገድ ከጀመሩ ቆይተዋል። መሠረቱ አለ።

ከጣሊያኖቹ የምንወስደው የሕንፃቸውን መልክ ወይም የወይናቸውን ስም አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ነው። ገበሬውን ከመሬቱ አንስቶ በቦታው ሎጅ የሚያቆም ቱሪዝም ጎብኚው ሊያየው የመጣውን ነገር ያጠፋል። መጀመሪያ ገበሬው በመሬቱ ላይ ይቆይ፤ ከዚያ ክፍል ይጨምር፣ ማዕድ ይዘርጋ፤ ገቢውም ወደ ራሱ ይግባ። ይህን የሚደነግግ ሕግ ማውጣት የሚችሉ ሰዎች ይህን ጽሑፍ ካነበቡ፣ ሥራው በእጃቸው ነው። እኛ አንባቢዎች ደግሞ በሚቀጥለው እረፍታችን አንድ ሌሊት በገበሬ ቤት አድረን፣ ከጓሮው የወጣውን በልተን፣ ዋጋውን በቀጥታ በእጁ እንክፈል።