ቮልስን በቮልስ ማሻሻል

አሮጌ መኪና ገዝቶ ለማሻሻል የተነሳ ሰው በመጀመሪያ የሚታየው ቀለምና ቸርኬ ነው። ቀጥሎ ጉልበት ያምረዋል፤ ትልቅ ሞተር፣ ድርብ ካርቡራተር፣ የሚያገሳ ማርሚታ። መኪናዋ ቮልስ ከሆነች ግን አስቀድሞ ማወቅ የሚበጀው ነገር አለ። ከሚያስፈልጓት ማሻሻያዎች አብዛኞቹን ፋብሪካዋ ራሱ ሠርቶ ጨርሷቸዋል፤ የቀደሙት ላይ ጉድለቱን አይቶ፣ መፍትሔውን በኋለኞቹ ላይ ገጥሟል። ለባለቤቱ የሚቀረው የታናሺቱን ዕቃ ለታላቋ ማልበስ ነው።

ይህ የተቻለው ዕድሜዋ ረጅም ስለነበረ ነው። ፈርዲናንድ ፖርሽ የነደፋት መኪና ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1938 ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካው በእንግሊዞች እጅ ሲወድቅ፣ ሻለቃ አይቫን ኸርስት የተባለ መኮንን ከፍርስራሹ መካከል ምርቱን አስጀመረ። በ1972 15,007,034ኛዋ ስትወጣ የፎርድ ሞዴል ቲን ክብረ ወሰን ተረከበች። የመጨረሻዋ፣ 21,529,464ኛዋ፣ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው በጁላይ 2003 ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ያልተለወጠ ዕቃ የላትም ማለት ይቻላል። አሠራሯ ግን ያው ነው። ሞተሯን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙት አራት ብሎኖች በ1950ዎቹም በ1970ዎቹም እዚያው ናቸው። ሱማሌ ተራ የሚገኝ የኋለኛ ዘመን ዕቃ ለአባት ዘመን መኪና የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሞተሯ ከኋላ ነው። ራዲያተር የላትም፣ ውኃም አትጠጣም። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል፤ የሚያቀዘቅዛቸው በዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረ ማራገቢያ ነው። ዲናሞውንም ማራገቢያውንም የምታዞረው አንዲት ቺንጋ ናት። እሷ ከተበጠሰች ባትሪው መሞላቱ ይቆማል፤ ማቀዝቀዙም አብሮ ይቆማል። የዲናሞው ቀይ መብራት በርቶ እያየ ቤቱ ለመድረስ የሚነዳ ሰው ሞተሩን ያቃጥላል። መለዋወጫ ቺንጋና መፍቻዋ ከመኪናዋ መለየት የለባቸውም።

ሥራው ከፍሬን ይጀምር ባይ ነኝ። የድሮዋ ቮልስ በአራቱም እግር ታምቡር ነው ያላት፤ የፍሬን ዘይቱም የሚሄደው በአንድ መስመር ነው። አንድ ጎማ ላይ ያለች ጎሚኒ ካፈሰሰች ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ፋብሪካው በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ መስመሩን ለሁለት የሚከፍል ፖምፓ ገጠመ፤ አንዱ ቢያፈስ ሌላው ያቆማል። በ1966 ለአውሮፓ ገበያ የወጣችው 1500 ደግሞ ከፊት ዲስክ ይዛ መጣች። ሁለቱም ለአሮጌዋ ይሆናሉ፤ ነገር ግን ከ1966 ሞዴል በፊትና በኋላ ያሉት የፊት እግሮች የተለያዩ ስለሆኑ ዲስክ ከመግዛት በፊት የራስን መኪና ሥር ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። ገንዘቡ ካልደረሰ እንኳ የጎማ ቱቦዎቹ ይቀየሩ። ያረጀ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጣል፤ ዘይቱን አሳልፎ መመለስ ይከለክላል፣ እግር ከፔዳል ተነሥቶም ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል።

ቀጥሎ ኤሌክትሪክ። ቀደምቶቹ 6 ቮልት ናቸው፤ ከ1967 ሞዴል ጀምሮ 12 ቮልት እየሆነ ሄደ። ለውጡ ባትሪ ከመቀየር ያልፋል፦ ዲናሞ፣ ሬጉሌተር፣ ቦቢና፣ አምፖሎች ሁሉ፣ የዝናብ መጥረጊያው ሞተር፣ ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ሪሌ። ሞተሪኖው ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። የ6 ቮልቱ ፍላይዊል 109 ጥርስ አለው፣ የ12ቱ 130። አዲሱ ሞተሪኖ ከአሮጌው ጥርስ ጋር አይናከስም፤ ትልቁ ፍላይዊል ደግሞ የካምቢዮው ቤት ውስጥ እንዲዞር ብረቱ መሞረድ አለበት። የፊት መብራት ለደከመበት ባለ 12 ቮልት ባለቤት የምመክረው ርካሽ ነገር አለ። መብራቱ ኃይል የሚያገኘው በቀጭን ሽቦ በዳሽቦርዱ ማብሪያ በኩል ዞሮ ነው፤ ሪሌ ገጥሞ ከባትሪው ቀጥታ ወፍራም መስመር መሳብ ያው አምፖል በእጅጉ እንዲደምቅ ያደርገዋል።

ስለ እሳት በዝርዝር መናገር አለብኝ፤ ከዝገት ባልተናነሰ ቮልስን የሚጨርሳት እሱ ነውና። ቤንዚኑ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደው ከጋለው ሞተር በላይ ነው። ቱቦው ሲያረጅ ይሰነጠቃል። የካርቡራተሩ መግቢያ የነሐስ ቧንቧም በጊዜ ብዛት ላልቶ ከቦታው ይወጣል። ቤንዚኑ ዲናሞውና ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ከተረጨ ብልጭታው እዚያው አለ። የሞተሩ አካል የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ውኃ አያጠፋውም፣ እንዲያውም ያብሰዋል። ስለዚህ ቱቦው በየጊዜው ይቀየር፣ በማሰሪያ ይጥበቅ። ብዙዎች ለማየት እንዲመች ብለው ሞተሩ ላይ የሚያንጠለጥሉት የቤንዚን ማጣሪያ ከሞተር ክፍሉ ወጥቶ ከሥር፣ ካምቢዮው አጠገብ ይግባ። ማጥፊያ ሲሊንደርም ሾፌሩ እጁን ሰዶ የሚያገኘው ቦታ ይሁን።

ሁለተኛው የእሳት ምንጭ የኋላ ወንበር ሥር የተቀመጠው ባትሪ ነው። ክዳኑ ከጠፋ፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፎች ያገናኛል። አሲዱም ወለሉን ይበላል። ወለል ሲበሳ ስቱኮ ለጥፎ ቀለም መቀባት ገዢን ማታለል ነው። ቮልስ አካሏ በብሎን ከወለሏ ጋር የታሰረ በመሆኑ ጎበዝ ባትላሜራ አውጥቶ ግማሽ ወለሉን ቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ ይችላል።

አሁን ወደ ሞተሩ። አዲስ አበባ ላለ ሰው የመጀመሪያው እውነታ ከፍታው ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ቦታ አየሩ ሳስቶ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። 34 ፈረስ ጉልበት ያላት 1200 እዚህ ወደ 26 ትወርዳለች ማለት ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ የሚሰጠው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ቤንዚኑም በከንቱ ይባክናል። መድኃኒቱ በካርቡራተሩ ውስጥ የቤንዚኑን መጠን የምትወስነውን ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን ጠበብ ባለች መተካት ነው። ከትልልቁ ማሻሻያ ሁሉ በፊት ይህችን ሠርቶ ለውጡን ማየት ያስደስታል።

ጉልበት መጨመር የፈለገ 1600ን ያምጣ። 1,584 ሲሲ ሞተር በዚያው አልጋ ይቀመጣል። ከሁሉ የምወደው የፋብሪካው ማሻሻያ ግን ከ1971 ሞዴል ጋር የመጣው የዘይት ማቀዝቀዣ ነው። ከዚያ በፊት ማቀዝቀዣው የሚቆመው በማራገቢያው ቤት ውስጥ፣ ከሦስተኛው ሲሊንደር ፊት ነበር። ሲሊንደሩ የሚደርሰው አየር በዘይቱ ግለት የሞቀ ስለሆነ ከሌሎቹ ቀድሞ ይቃጠል ነበር። በ1971 ማቀዝቀዣውን ወደ ውጭ አውጥተው የራሱ አየር መተላለፊያ ሠሩለት። ስፋቱ የጨመረው የማራገቢያ ቤትም አብሮ ይመጣል። ሳስቶ በደንብ በማያቀዘቅዝ አየር ለምንነዳ ይህ ከአሥር ፈረስ ጉልበት ይበልጣል።

ሞተሩን የሚከቡት ላሜራዎችም ቀላል አይደሉም። ሞተር ወርዶ ሲመለስ ትርፍ መስለው ጥግ የሚጣሉ ብዙ ናቸው። ሥራቸው ከላይ የገባው ቀዝቃዛ አየር በሲሊንደሮቹ መካከል አልፎ ጋል ብሎ በሥር እንዲወጣ፣ የጋለውም ተመልሶ እንዳይሳብ መከለል ነው። የሞተሩ ክፍል ዙሪያ ያለው ጎማም ለዚሁ ነው። አንዱ ከጎደለ ትልቅ ሞተር መግጠም ትልቅ ማቃጠል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው መደበኛ እንክብካቤ ነው፦ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ 2.5 ሊትር ዘይት፣ ወንፊቱን ማጠብ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ጠዋት በቀዝቃዛው የቫልቭ ክፍተቱን ማስተካከል።

በኤሌክትሪክ ስለመቀየርም ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ ከ2024 ወዲህ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች ጥያቄው ተገቢ ነው። ፎልክስዋገን በ2019 ኢ ክላሲክስ ከተባለ ድርጅት ጋር ሆኖ የአሮጌ ቮልስ ቅያሪ አሳይቷል፤ 60 ኪሎ ዋት ሞተር፣ 36.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ፣ በአንድ ሙሌት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታው ጉልበት አይቀንስበትም፣ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። መኪናዋ ግን 1,280 ኪሎ ትመዝናለች፤ የድሮዎቹ 900 እንኳ አይሞሉም። ፍሬኑና የእግሮቹ ጥንካሬ ለዚያ ክብደት ሳይሰናዳ ባትሪ መጫን አደገኛ ነው። የሚያደርገው ሰው ዋናውን ሞተር አይሽጠው፤ ዘይት ቀብቶ፣ ቀዳዳዎቹን ደፍኖ ያስቀምጠው።

ሞተር ከመግዛት በፊት ሊብሬውን አውጥቶ ማየት ይገባል። የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ሁለቱም እዚያ ተጽፈዋልና፣ ሞተር ሲቀየር ቁጥሩ በመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ካልተስተካከለ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡም ሲሸጡም ያስቸግራል። የሞተሩ ቁጥር የሚገኘው ዲናሞው ከሚቆምበት እግር ሥር፣ በሞተሩ አካል ላይ ተቀርጾ ነው፤ የሻንሲው ደግሞ የኋላውን ወንበር ሲያነሡ፣ በመካከለኛው የወለል ጉብታ ላይ። የሻጩ ወረቀትና የተቀረጸው ቁጥር አንድ መሆኑን ገንዘብ ከመቁጠር በፊት በእጅ ባትሪ ማረጋገጥ ነው።