ገናን በተራራ ላይ፦ የቤተሰብን አቅም የማይፈታተን ጉዞ ወደ መንዝ ጓሳ

ከኅዳር 15 ጀምሮ የሚጾመው የገና ጾም ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ በየቤቱ የሚነሳው ጉዳይ የበግና የዶሮ ዋጋ ብቻ አይደለም። ልጆቻቸውን ከከተማ ግርግር አውጥተው ተራራና ሜዳ ለማሳየት የሚሹ ወላጆች «የትኛው ስፍራ በአቅማችን ይሆናል?» ማለታቸው አይቀርም። ሀገሪቱ የተራራ ድሃ አይደለችም፤ ብዙዎችን ከደጃፋቸው የሚመልሳቸው ወጪው ነው።

በገና ሰሞን ቀድመው የሚታወሱት ላሊበላና ስሜን ናቸው። ላሊበላ በቤዛ ኩሉ ሥርዓቷ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ምዕመን ታስተናግዳለች፤ በዚያ ሳምንት አልጋ ማግኘትም በረከሰ ዋጋ መስተናገድም አስቸጋሪ ነው። ለበዓሉ ብሎ የሚሄድ ምዕመን ይህን አውቆና ፈቅዶ ይሄዳል። ዕረፍት ፈልጎ ለሚወጣ ባለ አነስተኛ ገቢ ቤተሰብ ግን ወቅቱ አይመከርም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለጎንደርና ለአካባቢዋ ነዋሪ ቅርብ ነው፤ የፓርኩ መግቢያ የሆነችው ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች። ከአዲስ አበባ ወይም ከደብረ ብርሃን ለሚነሳ ሰው ግን ገንዘቡ ተራራው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል።

የተራራ ጉዞ ወጪ ሁለት መልክ አለው። አንዱ በሰው ቁጥር የሚጨምር ነው፤ መግቢያ፣ መኝታና ምግብ በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ሌላው ሰው ቢበዛም ቢያንስም እምብዛም የማይለወጥ ነው፤ የመኪና ኪራይ፣ ነዳጅ፣ የአስጎብኚና የጥበቃ ክፍያ፣ ብዙዎች የሚዘነጉት የሾፌሩ የውሎ አበልና የአዳር ወጪም የዚህ ወገን ናቸው። ከባዱ ይኸኛው ነው። በመሆኑም ስድስት ሰው ያለው አንድ ቤተሰብ ሚኒባስ ተከራይቶ ብቻውን ከሚሄድ፣ ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ቤተሰብ ጋር ተቀናጅቶ ቢሄድ የመኪናው ወጪ በግማሽ ይቀንሳል። ርቀቱ ሲያጥር ደግሞ ነዳጁም የኪራዩ ቀናትም አብረው ያጥራሉ። የሆቴል ዋጋ በመከራከር ከሚገኘው ቅናሽ ይልቅ ቅርብ ተራራ በመምረጥ የሚገኘው ይበልጣል።

በዚህ ስሌት ለሸዋና ለአዲስ አበባ ነዋሪ ከሁሉ የሚቀርበው በሰሜን ሸዋ ዞን የሚገኘው የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። ከአዲስ አበባ ያለው ርቀት 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይደርሳል፤ ከዚያ ጣርማበር ላይ ከደሴው አውራ ጎዳና ወደ ግራ ተገንጥሎ ወደ መሐል ሜዳ ያመራል። ጓሳ የሚገኘው መሐል ሜዳ ከመድረሱ በፊት በዚሁ መንገድ ላይ በመሆኑ፣ መኪና የመከራየት አቅም የሌለው ቤተሰብ በመሐል ሜዳ አውቶቡስ ተሳፍሮ መውረድ ይችላል። በስፍራው በማኅበረሰቡ ስም የሚተዳደር ቀላል ማረፊያና የድንኳን መትከያ ቦታ አለ። ሙቅ ሻወርና ነጭ የጠረጴዛ ልብስ የሚጠብቅ እንግዳ ቅር ሊለው ይችላል።

ጓሳ ስሙን ያገኘው ደጋውን ከሸፈነው ረጅም ሣር ነው። የመንዝ ገበሬ በጓሳ ሣር ቤቱን ይከድናል፣ ገመድ ይገምዳል፣ ከዝናብ የሚከልለውን ጌሳ ይሠራል። ሣሩ ለገበሬው ይህን ያህል አስፈላጊ በመሆኑ አጠቃቀሙ ከጥንት ጀምሮ በሥርዓት ይመራ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጀመረ የሚነገረውና «ቄሮ» በመባል የሚታወቀው የአካባቢው ሥርዓት፣ አስቦና ጌራ ከተባሉት ቀደምት አባቶች የሚወለዱት ባለ ርስቶች በመረጧቸው አለቆች ይመራ ነበር። መሬቱ ለተከታታይ ዓመታት፣ አንዳንዴም ከ3 እስከ 5 ዓመት ከአጨዳና ከግጦሽ ተዘግቶ ይቆያል። ሣሩ በቂ ሆኖ ሲገኝ በበጋ ወራት በአለቆቹ ውሳኔ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። የዝናቡ ወቅት ሲቃረብ ስፍራው ዳግም ይዘጋል።

የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቄሮም መሠረቱን አጣ። ቀድሞ ድርሻ የነበረውም ያልነበረውም ያለ ከልካይ መግባት ጀመረ፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ላይ ገበሬዎቹ ከየቀበሌው በተወከሉ ሰዎች አዲስ ኮሚቴ አቋቁመው ጥበቃውን መልሰው ያዙት፤ ስፍራው በክልሉ መንግሥትም በማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራነት ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ። ስለዚህ የሚስተዳደረው እንደ ሌሎቹ ፓርኮች በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይሆን በዙሪያው በሚያርሰው ገበሬ ነው።

የጎብኚው ገንዘብ ፋይዳም እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። መኖ ባጠረበት ወቅት የራሱን ከብት ከለመለመ ሣር ከልክሎ የሚቆም ገበሬ ከባድ ዋጋ ይከፍላል። እንግዳ ለመግቢያ፣ ለማረፊያ፣ ለአስጎብኚና ለጭነት በቅሎ የሚከፍለው ብር ይህን ጉዳት በከፊል ይክሳል። ቤተሰቡ ወጪውን ሲቆጥብ የበቅሎ አከራዩን ሒሳብ በመከራከር ባይጀምር መልካም ነው፤ የቁጠባው ቦታ መኪናውና የቀን ምርጫው ነው።

ቀኑን በተመለከተ ገና ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ይውላል። ከበዓሉ ቀደም ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት መናኸሪያዎች ይጨናነቃሉ፤ በዕለቱ ደግሞ ተሽከርካሪ ይጠፋል። በዓሉን ከዘመድ ጋር በቤት አሳልፎ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን መነሳት ብልህነት ነው። ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን ያህል አለ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ፣ የደጋው ገብስም ከማሳ የሚነሳበት ጊዜ ነው። የግድ ከበዓሉ በፊት መሄድ ያለበት ቤተሰብም ቢሆን ጾሙ ይረዳዋል፤ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦና ሽሮ አይበላሹም፣ ለመሸከምም አይከብዱም። በየትኛውም ቀን ቢሄዱ ስንቅ ከደብረ ብርሃን ሳይይዙ መውጣት አይገባም።

በወጪ ሰበብ ችላ ሊባል የማይገባው ብርዱ ነው። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ 200 እስከ 3 ሺህ 700 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ በለጥ ያለ መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው አዲስ አበባ አንጻር ጓሳ ቢያንስ 5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። በዚህ ላይ የታኅሣሥና የጥር ሰማይ ደመና ስለሌለው መሬት ቀን የወሰደችውን ሙቀት ሌሊት የሚያስቀርላት ነገር የለም፤ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ንጋት ላይ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ የሚታየው ለዚህ ነው። ገበሬው ባቄላውን የሚነጥቀው ውርጭ ይኸው ነው። ለልጆች ኮፍያ፣ የእጅ ሹራብና ሁለት ካልሲ፣ ለመኝታ ደግሞ ከመሬት የሚለይ ወፍራም ፍራሽ ያስፈልጋል። መንዝ በበግ ጠጉር ሥራዋ የታወቀች ናትና ባና ወይም በርኖስ ከአካባቢው ገበያ መግዛት ይቻላል፤ ብርድ ልብስ ከከተማ ተሸክሞ ከመሄድ ሳይሻል አይቀርም።

ከፍታው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊያስከትል ስለሚችል የመጀመሪያውን ሌሊት 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ማደር ሰውነትን ያለማምዳል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው አረጋውያን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ጓሳ ላይ ሕመሙ የባሰበት ሰው መድኃኒቱ ወደ ቆላ መውረድ እንጂ ማረፍ ብቻ አይደለም።

ማለዳ ፀሐይ ሲሞቅ ጭላዳዎች ካደሩበት ገደል ወጥተው ሣር እየነጩ በመቶዎች ሆነው ሜዳው ላይ ይሰማራሉ። በመካከላቸው ቀይ ቀበሮ ሲመላለስ ማየትም የተለመደ ነው። አጥኚዎች በዚሁ በጓሳ ባደረጉት ክትትል ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ብቻውን ከሚያድንበት ጊዜ ይበልጥ እንደሚሳካለት ደርሰውበታል። በመላው ኢትዮጵያ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ እንደማይሞሉ ይገመታል፤ ከጠላቶቻቸው አንዱም ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ውሻ ይዞ መሄድ የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው። ለጭላዳ ዳቦ መወርወርም አይገባም፤ የሰው ምግብ የለመደ መንጋ ነገ የገበሬውን ማሳ ይወራል። ለእሳት አስታ መቁረጥ ክልክል ነው፤ በዚያ ብርድ አንድ ቁጥቋጦ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ከሰል ወይም አነስተኛ የጋዝ ምድጃ መያዝ ይበቃል።

አዳር የማይመቸው ቤተሰብ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው አንኮበር ሄዶ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበትን ኮረብታ ወጥቶ፣ ቁልቁል የአፋርን ዝቅተኛ ምድር አይቶ በዕለቱ መመለስ ይችላል። ወደ የትኛውም ቢሆን ከመነሳት በፊት የመንገዱን ወቅታዊ ሁኔታና ጸጥታ ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማጣራት፣ የማረፊያውን ቦታም አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል፤ በጓሳ ያሉት ክፍሎች ጥቂት ናቸው።