ለአዳራሽ ስፖርት የሚሆን ካሜራ አመራረጥ

በአዳራሽ ውስጥ የሚካሄድ ስፖርት ካሜራን በሁለት በኩል ይፈትነዋል። ተጫዋቹ ፈጣን ስለሆነ ምስሉ በአጭር ቅጽበት መያዝ አለበት፤ መብራቱ ደካማ ስለሆነ ደግሞ ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ለምሳሌ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ብቻ በምትገኘው ድሬዳዋ ቀኑ ሞቃት በመሆኑ ስፖርት ብዙ ጊዜ ወደ ማምሻው ያዘነብላል። የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ጨዋታዎች እንኳ በከተማዋ ስታዲየም በፓውዛ ብርሃን በምሽት ተካሂደዋል። ቦክስ፣ ቴኳንዶ፣ መረብ ኳስና ጠረጴዛ ቴኒስ የሚዘወተሩባቸው አዳራሾች መብራት ግን ከስታዲየም ፓውዛ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ካሜራ ከመመረጡ በፊት መታወቅ ያለበት የአዳራሹ ብርሃን ነው።

የብርሃን መጠን የሚለካው በሉክስ ነው። የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ያህል ብርሃን ትሰጣለች። ደህና መብራት ያለው የስፖርት አዳራሽ ከ300 እስከ 500 ሉክስ ቢኖረው ነው፤ አምፖሎቹ ከፊሉ የተቃጠሉበት የትምህርት ቤት አዳራሽ ከዚህም ያንሳል። የሰው ዓይን ራሱን ቶሎ ስለሚያስተካክል የልዩነቱን ስፋት አያስተውለውም። ካሜራ ግን ከቀትሩ ብርሃን አንድ ሦስት መቶኛ ያህል በሆነው መሥራት ይኖርበታል።

በሌላ በኩል ፍጥነቱ አለ። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የተመታ የመረብ ኳስ በሰከንድ 25 ሜትር ይጓዛል። የካሜራው ሹተር ለአንድ መቶኛ ሰከንድ ክፍት ቢቆይ ኳሱ በዚያች ቅጽበት 25 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። የኳሱ ስፋት 21 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ፎቶው ላይ የሚቀረው የተዘረጋ ጭረት ብቻ ነው። ሹተሩ አንድ ሺህኛ ሰከንድ ላይ ቢደረግ ግን ኳሱ የሚንቀሳቀሰው 2.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቅርጹም ይለያል። ለፈጣን የአዳራሽ ስፖርት 1/1000 ሰከንድ እንደ መነሻ የሚወሰደው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ፍጥነት በቂ ብርሃን የማስገባት ዋናው ድርሻ የሌንሱ ነው። የሌንስ ክፍተት በኤፍ ቁጥር ይገለጻል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ክፍተቱ ይሰፋል። ኤፍ 2.8 ከኤፍ 5.6 አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። 320 ሉክስ ባለው አዳራሽ 1/1000 ሰከንድ ላይ ለማንሳት ኤፍ 2.8 ሌንስ አይኤስኦ (የካሜራው የማጉላት መጠን) 6400 ይበቃዋል። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ ግን ምስሉን ሲያቀርብ ክፍተቱ ወደ ኤፍ 5.6 ስለሚጠብ አይኤስኦውን 25600 ማድረስ ግድ ይላል። ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ደግሞ ከ2500 ብዙም ሳያልፍ ሥራውን ይሠራል። ከውድ ካሜራ ጋር ከተገጠመ ጠባብ ሌንስ ይልቅ መካከለኛ ካሜራ ላይ የተገጠመ ሰፊ ሌንስ የተሻለ ውጤት የሚሰጠው ለዚህ ነው።

የሌንሱ ርዝመት የሚወሰነው በስፖርቱ ዓይነት ነው። የቦክስ ሪንግ ጎኑ በገመዶቹ መካከል ብዙውን ጊዜ ከ6.1 ሜትር ስለማይበልጥ ከሪንጉ ዳር ለሚያነሳ ሰው 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ለመረብ ኳስ 85 ሚሊ ሜትር ይመቻል። 40 ሜትር ለሚረዝመው የእጅ ኳስ ሜዳ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2.8 የሆነ ሌንስ ያስፈልጋል፤ ዋጋውም ክብደቱም የዚያኑ ያህል ነው። ሰፊ ክፍተት ግን ዋጋ ያስከፍላል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 1.8፣ ከሦስት ሜትር ርቀት ሲነሳ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ቦክሰኛው እጁን ወደ ካሜራው አቅጣጫ ከዘረጋ ጓንቱና ፊቱ በአንድ ላይ ጥርት አይሉም።

ከሌንሱ ቀጥሎ የሚታየው ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ ሴንሰሩ ነው። አይኤስኦን መጨመር ብርሃን አይጨምርም፤ የተሰበሰበውን ምልክት ያጎላል እንጂ። የደከመ የሬዲዮ ጣቢያ ድምፁ ሲጨመር ሽሽታው አብሮ እንደሚጨምር ሁሉ፣ በጨለማ የተነሳ ፎቶም ሲጎላ ነጠብጣቡ ይወጣል። የነጠብጣቡ ዋና መነሻ የብርሃን ባሕርይ ራሱ ነው። ፎቶኖች የሚደርሱት እኩል እየተመጠኑ አይደለም። በአማካይ 10,000 ፎቶን በሚያርፍበት ነጥብ መዋዠቁ 100 ያህል፣ ማለትም 1 በመቶ ነው፤ 100 ፎቶን ብቻ በሚያርፍበት ግን 10፣ ማለትም 10 በመቶ ይሆናል። ሰፊ ሴንሰር ብዙ ፎቶን ስለሚሰበስብ ምስሉ ይጠራል። ፉል ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ኤፒኤስ-ሲ ከሚባለው 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ሴንሰር ከሁለት እጥፍ በላይ ስፋት አለው። ኒኮን በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዲ3 የተባለው ካሜራ 12 ሜጋ ፒክስል ብቻ ይዞ የአዳራሽ ስፖርት አነሳስን የለወጠው በዚህ ስፋት ነው። ለጋዜጣም ሆነ ለማኅበራዊ ሚዲያ ከ20 ሜጋ ፒክስል በላይ መሯሯጥ አያስፈልግም።

ብዙ ገዢ የማያስበው ነገር የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው። የኢትዮጵያ መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍሎረሰንትና ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። ዓይን አያየውም፤ 1/1000 ሰከንድ ላይ ያለ ካሜራ ግን አንዱን ፎቶ በድምቀቱ፣ ቀጣዩን በድብዘዛው ይይዛል። አንዱ ማሊያ በአንዱ ፎቶ ነጭ፣ በሌላው ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ሴንሰሩን ረድፍ በረድፍ በሚያነብ ድምፅ አልባ ሹተር ችግሩ ይብሳል፤ ንባቡ 1/20 ሰከንድ ከፈጀ መብራቱ በዚያ ውስጥ አምስት ጊዜ ስለሚዋዥቅ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ይጋደማሉ። መፍትሔው ሜካኒካል ሹተር መጠቀምና መብራቱ በሚደምቅበት ቅጽበት ሹተሩን የሚለቅ የጸረ ብልጭልጭታ ስልት ያለው ካሜራ መምረጥ ነው። ካነን ይህን ስልት በ2014 እ.ኤ.አ. በ7ዲ ማርክ 2 አስገብቶታል፤ ዛሬ በብዙ ካሜራዎች ይገኛል።

ትኩረት የመያዝ ችሎታም የዚያኑ ያህል ይመዘናል። አዳዲሶቹ መስታወት አልባ ካሜራዎች ፊትንና ዓይንን ለይተው ይከተላሉ፤ የቆዩት ባለ መስታወት ካሜራዎች ደግሞ በርካሽ ይገኛሉ፣ ከዳር ይልቅ በመሃለኛው የትኩረት ነጥባቸው ይታመናሉ። የድሬዳዋ ሙቀት በአጭር ሹተር የሚነሳን ፎቶ እምብዛም አይጎዳም፤ የሚፈትነው ረጅም ቪዲዮ ሲቀረጽ ወይም ካሜራው ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ሲቀመጥ ነው። አቧራው ግን ሌንስ በተቀየረ ቁጥር ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ በተለይ መስታወት አልባዎቹ ለዚህ ይጋለጣሉ።

ካሜራው አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ሊፈተን የሚገባው ሱቅ ውስጥ ሳይሆን መብራቱ በበራ አዳራሽ ነው። ሹተሩ 1/1000፣ ሌንሱ እስከ መጨረሻ የተከፈተ፣ አይኤስኦው 6400 ተደርጎ ሃያ ያህል ፎቶዎች በተከታታይ ይነሳሉ። ከዚያም በኮምፒውተር ላይ ሦስት ነገሮች ይታያሉ፦ የድምቀቱና የቀለሙ እኩልነት፣ የትኩረቱ ጥራት፣ በጥላ ውስጥ ያለው የተጫዋቹ ፊት። ካሜራው በራሱ ብርሃን ሲመጥን በነጭ ግድግዳ እየተታለለ ጠይም ፊትን ያጨልማል፤ ነጠብጣቡም የሚበዛው እዚያው ጨለማው ላይ ነው። ፊቱ ጥርት ብሎ፣ ቀለሙን ሳይለቅ በብዙዎቹ ፎቶዎች ላይ ከወጣ ካሜራውና ሌንሱ ለዚያ አዳራሽ ይበቃሉ።