ስለ ባለ ቀፎ እጀታ ቢላዋ አሠራርና ስለ አፎቱ አመራረጥ

ሰው ከመንደር ርቆ በበረሓ ወይም በዱር ሲሄድ ብዙ ዕቃ መያዝ አይችልም። ቢላዋ ግን ከወገቡ አይለይም፤ ገመድ የሚቈርጠው፥ ሥጋ የሚበልተው፥ ለመጠለያና ለማገዶ የሚሆነውን ቅርንጫፍ የሚመለምለው በእርሱ ነውና። የቤት ቢላዋ ቢሰበር ከጎረቤት ይዋሳሉ፤ በበረሓ የተሰበረ ቢላዋ ግን ምትክ የለውም። ስለዚህ የመንገደኛ ቢላዋ ከመገዛቱ ወይም ከመሠራቱ አስቀድሞ በሚገባ ሊመረመር ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ከመንገደኛ ቢላዋዎች አንዱ ዐይነት እጀታው እንደ ጥይት ቀፎ ውስጡ ባዶ የሆነ ነው። በባዶው ስፍራ ክብሪት፥ መርፌና ክር፥ የዓሣ መንጠቆና ሲባጎ ይቀመጥበታል፤ ጫፉም በሚጠመዘዝ ክዳን ይዘጋል። በአሜሪካ አገር በኦርላንዶ ከተማ ያለው የራንዳል ቢላዋ መሥሪያ ቤት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት ይህን ዐይነት ሠርቶ ነበር። በ1982 «ፈርስት ብለድ» የተባለው ሲኒማ በታየ ጊዜ ደግሞ ዝናው በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ በሲኒማው የታየውን ቢላዋ የሠራው የአርካንሶው ሰው ጂሚ ላይል ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች መልኩን ብቻ እየቀዱ ርካሽ ቢላዋ አወጡ፤ የእነዚህም ስለት ከእጀታው እየወለቀ ባለቤቱን ያሳፍር ጀመር። ከዚህም የተነሣ «ውስጡ ባዶ የሆነ እጀታ ደካማ ነው» የሚል አሳብ ተስፋፋ። ይሁን እንጂ ጥፋቱ የባዶው ነው ወይስ የመጋጠሚያው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ባዶነት ድካም ስላለመሆኑ

ሸምበቆና ቀርከሃ ውስጣቸው ባዶ ሲሆን ነፋስ አይሰብራቸውም። በብረትም እንደዚሁ ነው። ውጭው 25 ሚሊሜትር፥ ውስጡ 20 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ቱቦ ያው የ25 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ድፍን ብረት ጋር ቢመዛዘን፥ ክብደቱ ከመቶ 36 እጅ ብቻ ነው፤ መጕበጥን የመቋቋም ኀይሉ ግን ከመቶ 59 እጅ ይሆናል። ምክንያቱም ዘንግ ሲጐብጥ ሸክሙ የሚበዛው በውጭው ክፍል ላይ ነው፤ በመካከል ያለው ብረት ብዙ አይረዳም። እንግዲህ እጀታው ባዶ በመሆኑ ብቻ ደካማ ነው ማለት ስሕተት ነው።

ስለ መጋጠሚያው

በማጭድና በተራ ቢላዋ የብረቱ ጅራት ወደ እጀታው ጠልቆ ይገባል። በባለ ቀፎ እጀታ ግን ጅራቱ ጠልቆ ቢገባ ስፍራውን ሁሉ ስለሚይዝ አጥሮ ይቀራል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ስለቱ 12 ሳንቲሜትር ርዝመት ቢኖረውና ጫፉን 10 ኪሎ ኀይል ቢጫነው፥ ጅራቱ 2 ሳንቲሜትር ብቻ የገባ እንደ ሆነ በጅራቱ ጫፍ ላይ የሚያርፈው ኀይል 60 ኪሎ ነው፤ 4 ሳንቲሜትር ከገባ ግን ወደ 30 ኪሎ ይወርዳል። ይህም ድንጋይ በሚፈነቀልበት እንጨት እንደሚታየው ነው፤ ረጅሙ ክንድ አጭሩን ያስጨንቀዋል።

ስለዚህ ሦስት ዐይነት አሠራር አለ። የመጀመሪያው አጭሩን ጅራት በብሎን ወይም በማጣበቂያ ማሰር ነው፤ ሥራው ቀላል ቢሆንም በቶሎ የሚላላው ይህ ነው። ሁለተኛው ስለቱንና ቱቦውን መበየድ ነው፤ ነገር ግን ስለቱ ጠንክሮ ካበቃ በኋላ ቢበየድ የእሳቱ ግለት ጥንካሬውን በመጋጠሚያው አጠገብ ያበላሸዋል። ሦስተኛውና የሚበልጠው ስለቱንና እጀታውን ከአንድ ብረት ማውጣት ነው። የደቡብ አፍሪካው ተወላጅ ክሪስ ሪቭ በ1980ዎቹ ዓመታት ከአንድ ድፍን ብረት እየፈለፈለ እንደዚህ ያለውን ቢላዋ ሠርቷል።

ይህ አሳብ ለኢትዮጵያ ብረት ሠሪ እንግዳ አይደለም። የጦር ብረት ሲሠራ የታችኛው ክፍል ተቀጥቅጦ ይሳሳና እንደ ቀንድ ይጠቀለላል፤ የጦሩም ዘንግ በዚያ ይገባል። ስለቱና ባዶው ስፍራ ከአንድ ብረት ስለሆኑ መጋጠሚያ የላቸውም፤ መጋጠሚያ የሌለውም አይወልቅም። በማናቸውም አሠራር ቢሆን ስለቱ ከእጀታው ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ሹል መሆን የለበትም፤ ጨርቅ ከተቀደደበት እንደሚተረተር ሁሉ ብረትም ስንጥቁ የሚጀምረው ከሹል ማዕዘን ነውና ዙሮ ይሠራ።

ስለ ስለቱና ስለ እጀታው መጠን

አነስ ያለ ቢላዋ ሲታሰብ ስለቱ ከ10 እስከ 13 ሳንቲሜትር፥ ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር፥ እጀታውም በመዳፍ ልክ ከ10 እስከ 11 ሳንቲሜትር ቢሆን ይበቃል። ብረቱ በእሳት ግሎ ተነክሮ ከጠነከረ በኋላ እንደገና በመጠኑ መሞቅ አለበት፤ ይህ ካልተደረገ እንደ ጠርሙስ ይሰበራል፤ ከመጠን ያለፈ ከሞቀ ደግሞ ስለቱ ቶሎ ይደነዝዛል።

በጀርባው ላይ የመጋዝ ጥርስ የሚደረገው አስቀድሞ የአውሮፕላን ሰዎች ከወደቀ አውሮፕላን ቆርቆሮውን ቀደው እንዲወጡ ታስቦ ነበር። እንጨት ግን በደንብ አይቈርጥም፤ ቢላዋውን በዱላ እየመቱ እንጨት ለመፍለጥም እንቅፋት ይሆናል። ስለዚህ ለመንገደኛ ለስላሳ ጀርባ ይሻለዋል። ፍጹም ክብ እጀታም በእጅ ውስጥ ስለሚሽከረከር ስለቱ ወዴት እንደ ዞረ አይታወቅም፤ በሲባጎ ተጠምጥሞ ጐንና ጐኑ ጠፍጠፍ ቢል እጅን ይረዳል፤ ሲባጎውም በችግር ቀን ተፈትቶ ያገለግላል።

ስለ ክዳኑና ስለሚቀመጠው ነገር

በክዳኑ ሥር የጎማ ቀለበት ካልተደረገ ውሃ ገብቶ ክብሪቱን ያበላሻል። ዕቃውም እንዳይንኳኳ በጥጥ ይጠቅጠቅ፤ ጥጡ እሳት ለማያያዝም ይጠቅማል። በክዳኑ ላይ ኮምፓስ የሚያደርጉ አሉ፤ ነገር ግን የብረቱ ስለት ቀርቦት ሳለ መርፌው አቅጣጫውን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ክዳኑ ተፈትቶ ከቢላዋው ራቅ ተደርጎ ይነበብ። ከሁሉ በላይ ሕይወትን የሚያድን ነገር ሁሉ በእጀታው ብቻ አይከማች፤ ቢላዋው የጠፋ ቀን ሁሉም አብሮ ይጠፋልና።

ስለ አፎቱ አመራረጥ

አፎት ሦስት ሥራ አለው፤ ቢላዋውን እንዳይወድቅ ይይዛል፥ ተሸካሚውን ከስለቱ ይጠብቃል፥ ስለቱንም ከዝገት ያድናል። ቆዳ ድምፅ የለውም፥ ለመስፋትም ይመቻል፤ ነገር ግን ርጥበት ስለሚይዝ ቢላዋ በውስጡ ብዙ ቀን ከተቀመጠ ይዝጋል። ስለዚህ ቆዳው በሰም ይታሽ፤ ከጫፉም ውሃ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ይበጅለት። በስለቱ በኩል በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ሦስተኛ ቀጭን ቆዳ ገብቶ አብሮ ይሰፋ፤ ይህ ካልሆነ ስለቱ ክሩን እየበጠሰ ወጥቶ ጭንን ይቈርጣል።

ፕላስቲክ ውሃ አይጠጣም፤ አሸዋ ከገባበት ግን ብረቱን ይፍቀዋል፥ ሲራመዱም ይንኳኳል። የብረት አፎት ስለቱን ያደነዝዛል። እንጨት ተፈልፍሎ ቆዳ የለበሰ እንደ ሆነ ስለቱ አይወጋውም፤ ብቻ ወፍራም ስለሚሆን ለአነስተኛ ቢላዋ ከባድ ነው። እንግዲህ ዝናብ ለሚበዛበት አገር ፕላስቲክ፥ ለደረቅ አገር የተሰፋ ቆዳ ይመረጣል። ማንኛውም አፎት ሲገዛ ቢላዋው በውስጡ ሳለ ተገልብጦ ይነቅነቅ፤ የሚወድቅ ከሆነ አይገዛ።

መምህሩ በክፍል ስለሚያሳየው ሙከራ

ለዚህ ትምህርት ቢላዋ ወደ ክፍል ማግባት አያስፈልግም። መምህሩ ሁለት እኩል የሸምበቆ ቍራጮችና በልካቸው የተጠረቡ ሁለት እንጨቶች ያዘጋጅ። አንደኛው እንጨት ሁለት ጣት ያህል፥ ሁለተኛው ስምንት ጣት ያህል ወደ ሸምበቆው ይግባ፤ ከውጭ የሚቀረውም ርዝመት እኩል ይሁን። ከዚያም ተማሪዎች የሁለቱንም ጫፍ በእኩል ኀይል ይጫኑ። ጥቂት የገባው ቀድሞ ይወልቃል ወይም የሸምበቆውን አፍ ይሰነጥቃል፤ ጠልቆ የገባው ግን ይጸናል። ሸምበቆዎቹ ሁለቱም ባዶ ሳሉ አንዱ ጸንቶ አንዱ መበላሸቱን ተማሪዎቹ ባዩ ጊዜ ምክንያቱን ራሳቸው ይናገሩ።

ይህን ያስተዋለ ሰው ቢላዋም ሆነ ማረሻ፥ ምሳርም ሆነ ዶማ ሲገዛ በብልጭታው አይታለልም። አስቀድሞ መጋጠሚያውን ያያል፥ ይነቀንቃል፥ ከዚያ በኋላ ዋጋውን ይጠይቃል።