ተጨማሪ መረጃ፦ የሐብሩ ንቦችና የዘረመል ብዝኃነት
ባምብልቢ የሚባለው ጸጉራም ትልቅ ንብ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ አይገኝም፤ በሐብሩ ወረዳና በመርሳ ከተማ አበባ የማዳቀሉን ሥራ የሚሠሩት የማር ንብና ሌሎች የዱር ንቦች ናቸው። በ2011 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን የማር ንብ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ነው በማለት አፒስ ሜሊፌራ ሲሜንሲስ ብለው ሰየሙት። ብዙ ማር የሚሰጥ የውጭ ንብ ማስገባት አይሻልም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን የውጭው ንብ በሽታ ሊያመጣ፣ ከአገሬው ጋር ተዳቅሎም ከቆላና ደጋው ጋር የተላመደውን ዘረመል ሊያደበዝዝ ይችላል።

የቀፎ ቁጥር ብቻውንም ለዘረመል ብዝኃነት አያስተማምንም። ንግሥቲቱ አየር ላይ ከአሥር በላይ ድንጉላዎች (ወንድ ንቦች) ጋር ትገናኛለች። ድንጉላዎቹ የቅርብ ዘመዶቿ ከሆኑ ግን ጾታ ወሳኙ ዘረመል ከሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሠራተኛ ሊወጣበት ከሚገባው እንቁላል ወንድ ይፈለፈላል፤ ሠራተኞቹም እጩን ይበሉታል። ስለዚህ አንዱን መንጋ ደጋግሞ መክፈል ቀፎ ያበዛል እንጂ አዲስ ዘረመል አይጨምርም።