ለማዳ የበረሃ ኤሊን ለብርድ ወራት እንቅልፍ ማዘጋጀት፦ ፊዚዮሎጂያዊ ማብራሪያ

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ከቀረበ ትምህርታዊ ገለጻ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



ለዛሬ የመረጥሁት ርእስ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሳያሰኝ አልቀረም። ኤሊን በቤት ማሳደግ በአገራችን የተለመደ ባለመሆኑ፣ ስለ ሰሜን አሜሪካ የበረሃ ኤሊ አያያዝ እዚህ መናገር ምን ይፈይዳል የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የእንስሳት ፊዚዮሎጂን ባስተማርሁባቸው ዓመታት የሙቀትንና የሕይወትን ግንኙነት ከዚህ እንስሳ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳይ ምሳሌ አለማግኘቴ ነው። ሁለተኛው፣ በላስ ቬጋስ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የጻፈልኝ ጥያቄ ነው። «ልጆቼ ኤሊያችን በብርድ እንዳትሞት ሳሎን እናስገባት ይላሉ፤ ምን ልበላቸው?» ይላል። በዚያ ከተማ ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩ ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይመስለኝም። ልጆቹ በርኅራኄ ያሰቡት ነገር ኤሊዋን ሊጎዳት፣ ብሎም ሊገድላት ይችላል። ለምን እንደ ሆነ ላስረዳ።

አስቀድሜ ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። እኛ «ክረምት» ስንል የዝናቡን ወራት ማለታችን ነው። እኔ የምናገረው ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ስላለው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ የእኛ ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ የሞሃቪ በረሃ ሌሊት ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል። ስለዚህ «የብርድ ወራት» እላለሁ። «እንቅልፍ» የሚለውም ቃል በልማድ የምንጠቀምበት እንጂ ትክክለኛ መጠሪያ አይደለም። አጥቢ እንስሳት በሃይበርኔሽን ጊዜ የሰውነታቸውን ሙቀት ራሳቸው ይቀንሳሉ፤ ሲያስፈልግም ስባቸውን አቃጥለው መልሰው ይሞቃሉ። ኤሊ እንደ ሌሎቹ ገበሎ አስተኔዎች ሙቀቷን የምታገኘው ከአካባቢዋ ነው። ስትቀዘቅዝ ራሷን የምታሞቅበት የውስጥ ምድጃ የላትም። አንዳንድ ሊቃውንት ሁኔታውን «ብሩሜሽን» ብለው የሚለዩት በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው። ከዚህም አንድ ከባድ ነገር ይከተላል፦ ኤሊዋ ከቀዘቀዘች በኋላ የጎደላትን ልትሞላ፣ የታመመ አካሏን ልታክም አትችልም። የሚደረግላት ሁሉ ብርዱ ከመግባቱ በፊት፣ በመፀው፣ መደረግ አለበት።

የሞሃቪ የበረሃ ኤሊ የምትገኘው በካሊፎርኒያ፣ በኔቫዳ፣ በደቡብ ምዕራብ ዩታና በሰሜን ምዕራብ አሪዞና ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የሶኖራዋ ኤሊ ራሷን የቻለች ዝርያ መሆኗ ታውቆ ከእርሷ ተለይታለች። የሞሃቪዋ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ጥበቃ የሚደረግላት በመሆኗ ከዱር አንሥቶ ወደ ቤት መውሰድ ክልክል ነው። በየግቢው የሚታዩት በሕጋዊ መንገድ በማደጎ የተወሰዱ፣ ከድሮም ጀምሮ በሰው እጅ የኖሩ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በሰውነት ውስጥ ያሉት ኬሚካዊ ሂደቶች ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀነሰ ቁጥር ፍጥነታቸው ወደ ግማሽ፣ አንዳንዴም ወደ ሲሶ ይወርዳል። በ30 ዲግሪ የምትግጥና የምትፈጭ ኤሊ በ8 ዲግሪ ላይ ልቧ በዝግታ ይመታል፣ ትንፋሿ ይሳሳል፣ ከስብና ከጉበቷ የምታወጣው ስንቅ እጅግ ጥቂት ይሆናል። ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ያለው ሙቀት ለእርሷ ዕረፍት ነው። ከዜሮ በታች ሲሆን ሕብረ ሕዋሷ ይበረዳል፤ ዓይኗም ሊጠፋ፣ ሕይወቷም ሊያልፍ ይችላል። ይህን ሁሉም ሰው በቀላሉ ይረዳል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው መካከለኛውን ነው። ከ13 እስከ 20 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም በብርድ ወራት በብዙ ቤቶች ውስጥ ያለው ሙቀት፣ ኤሊዋ በሚገባ እንዳትበላና የበላችውንም እንዳትፈጭ የሚያደርግ ቅዝቃዜ ነው፤ ሆኖም ስንቋን በፍጥነት እንድታቃጥል የሚያደርግ ሙቀትም ነው። ሳትመገብ ወጪዋ ይቀጥላል። የተማሪዬ ልጆች «እንዳትበርዳት» ብለው ያሰቡት ሳሎን እንግዲህ ይህ ነው። ኤሊዋ ወይ በእውነት መሞቅ፣ ወይ በእውነት መቀዝቀዝ አለባት።

ሁለተኛው አደጋ አንጀት ውስጥ ያለ ነው። ኤሊ ሣርና ቅጠል የምትፈጨው በአንጀቷ በሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን እርዳታ ነው፤ ሥራውም ሙቀት ይፈልጋል። ሆዷ ሞልቶ ከቀዘቀዘች ምግቡ ባለበት ይብላላል፣ ይበሰብሳል፣ ጋዝና መርዝ ይፈጥራል። ስለዚህ ከመተኛቷ በፊት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ምግብ ይቋረጥባታል። ልብ በሉ፤ በዚህ ጊዜ ሙቀቱ መቀጠል አለበት፣ አለዚያ አንጀቷ አይጸዳም። ምግብ አቁሞ በዚያው ቀን ማቀዝቀዝ ጾሙን ከንቱ ያደርገዋል። ውሃ ግን አይከለከልም፤ እንዲያውም በነዚህ ሳምንታት በተደጋጋሚ፣ እስከ አገጯ በሚደርስ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይገባል። የሽንት ፊኛዋ የውሃ ማከማቻዋ ነው፤ በድርቅ ጊዜ ከዚያ ውሃ መልሳ ትወስዳለች። ፊኛዋ ሞልቶ የገባች ኤሊ ስንቅ ይዛለች።

ለመሆኑ ሁሉም ኤሊ ይተኛል? አይተኛም። አፍንጫዋ የሚፈስስ፣ ዓይኗ ያበጠ፣ ስትተነፍስ ድምፅ የምታሰማ ወይም ለመጠኗ የቀለለች ኤሊ አስቀድማ በእንስሳት ሐኪም ትታይ፤ ሐኪሙ ካላት ዓመቱን በሙቀት ታሳልፍ። ቅዝቃዜ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማልና፣ በመፀው ቀላል የነበረ የመተንፈሻ አካል ሕመም በብርዱ ወራት ሊጸና ይችላል።

ከሁሉ የሚሻለው ማረፊያ ውሃ የማይገባበት፣ በጥልቀት የተቆፈረ ጎሬ ነው፤ አፈር ሙቀትን ያረጋጋልና። ይህ ከሌለ፣ ትንፋሽ የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው ካርቶን በትልቅ ካርቶን ውስጥ ተደርጎ፣ በመካከሉ የተቀደደ ጋዜጣ ተሞልቶ፣ ከሲሚንቶ ወለል ከፍ ብሎ፣ ጨለማና ጸጥተኛ በሆነ ክፍል ይቀመጣል። መኪና የሚነሣበት ጋራዥ በጭሱ ምክንያት አይሆንም። ቴርሞሜትሩ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ሣጥኑ ውስጥ ይሁን፤ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን የሚመዘግብ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ትመዘን። 4000 ግራም የምትመዝን ጤነኛ ኤሊ በወር 1 በመቶ ያህል፣ ማለትም 40 ግራም ገደማ ብትቀንስ የሚያሰጋ አይደለም። 400 ግራም፣ ማለትም ከክብደቷ አንድ ዐሥረኛው ከጠፋ ግን እንቅልፉ ይቋረጥና ትሞቅ፣ ውሃም ትጠጣ። ክብደቷ በአንድ ጊዜ ዘጭ ካለ ሽንቷን ለቅቃ ሊሆን ይችላል፤ በዱርም ኤሊን ድንገት ከመሬት ማንሣት የሚነቀፈው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ደንግጣ ስንቋን ታፈስሳለች።

አሁን እኛን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገር ላንሣ። ሰልካታ በመባል የሚታወቀው ታላቁ የአፍሪካ ኤሊ ከሴኔጋል እስከ አገራችን ባለው የሳህል ቀጠና ይገኛል። በአሪዞናና በኔቫዳ ግቢዎችም በብዛት ይረባል። እርሱም የበረሃ ፍጡር ነው፤ ጎሬም ይቆፍራል፤ ነገር ግን ጎሬው ከሙቀትና ከድርቅ መሸሸጊያ እንጂ የብርድ መኝታ አይደለም። ወገኖቻችን የአገራቸው ልጅ ነው ብለው ቢይዙት አይደንቀኝም። እስካሁን ያልኋችሁን ሁሉ በሰልካታ ላይ የፈጸመ ሰው ግን ይገድለዋል። የብርዱን ወራት ሙቀት ባለበት ቤት እየበላ ማሳለፍ አለበት። ስለዚህ ምግብ ከማቋረጥ በፊት የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ዝርያው የትኛው ነው?» የሚል ነው።

የሞሃቪዋ ኤሊ በመጋቢት ገደማ ስትነቃ አስቀድማ የምትሻው ውሃ ነው። ለብ ባለ ውሃ ትቀመጥ፣ ትሙቅ፤ ምግብ ከዚያ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመጣል። ባለቤቷ መቀጠል ካልቻለ ለሚመለከተው የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ወይም ፈቃድ ላለው የማደጎ ማኅበር ያስረክብ። ወደ በረሃ መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ነው። በሰው እጅ ያሉት ኤሊዎች ማይኮፕላዝማ የተባለውን የመተንፈሻ አካል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ምንም ምልክት ሳያሳዩ ሊሸከሙ ስለሚችሉ፣ የተለቀቀች አንዲት ኤሊ በዱር ያሉትን ልታስይዝ ትችላለች።